ለቁጥር አምስት ሽማግሌ የላክን ጊዜ

በፍራንክፈርት ከተማ፣ ከዞሰንሃይም እስከ ፍሉግሃፈን፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ፣ ከእኔ በላይ ኳስ የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም፣ የለም፣ ወደፊትም አይወለድም። እኔ አሰላለፍ መዘርዘር ስጀምር አስተናጋጅ ትሪዋን እንደያዘች ደርቃ ትቀራለች፤ ቢራው ይሞቃል፤ ጥብሱ ይበርዳል፤ የጠገበ ሰው እንደገና ይርበዋል። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ግን ራሴ ልንገራችሁ፤ በዕድሜዬ ሙሉ ኳስ የነካሁት ሦስት ጊዜ ነው። አንዱን በአፍንጫዬ ነው፤ እስካሁን ወደ ግራ ያጋደለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛውን ከጎረቤት ግቢ ላመጣ ገብቼ ውሻ ነክሶኛል። ሦስተኛው ጊዜ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልላ ስለነበር ነካኋት ለማለትም ይከብዳል። ይህ ግን ከመተንተን አግዶኝ አያውቅም። ስለ ረሃብ ንግግር የሚያደርጉትም እኮ አብዛኞቹ የጠገቡ ናቸው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ቦከንሃይም ፀጉሬን ልስተካከል የገባሁበት ቤት ነው። ፀጉሬን ስል ከጆሮዬ በላይ የተረፉትን ማለቴ ነው። ድሮ ስምንት ዩሮ ከፍዬ ሙሉ ጎፈሬ ያስተካክሉልኝ ነበር፤ ዛሬ ፀጉሩ ሲያልቅ ዋጋው በእጥፍ ጨመረ። ፀጉር አስተካካዩ ሲጨርስ አንድ ብልቃጥ ከፍቶ ካምፎር ካምፎር የሚል አልኮል በመዳፉ አንገቴን አሸኝ። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ቦከንሃይም ጠፋችብኝ። ዞሰንሃይም ያለው ሜዳ የመልበሻ ክፍል መጣብኝ፤ እርጥብ ካልሲ፣ ታኬታ ላይ የደረቀ ጭቃ፣ ጉልበቱን በዚያው አልኮል እያሸ የሚያቃስት ተከላካይ። ዓይኔን ጨፍኜ በትዝታ ልዋኝ ስል አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ወሬ ጀመረ።

"ድሮ እዚህ የሐበሻ ቡድን ነበረ አሉ፤ ዋርካ የሚባል" አለው ለፀጉር አስተካካዩ። "አንድ የሸመገለ ተከላካይ ነበራቸው። ከአሰላለፍ ወጥተሃል ቢሉት አኩርፎ በዋናው ጨዋታ ቀን ቡድኑን ጥሎ ጠፋ። እኛ ሐበሾች እኮ እንዲህ ነን።"

ከነሽርጡ ተነሣሁ። "ማነው ይህን የነገረህ?"

"ሁሉም ሰው የሚያወራው ነው፣ ጋሼ።"

"ሁሉም ሰው ውሸታም ነው!"

"ጋሼ ይቀመጡ" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ጆሮዎን እጄ ላይ ትተውት እንዳይሄዱ።"

እኔ ተቀመጥኩ፤ ንዴቴ ግን ይኸው እንደቆመ ነው። ያ "አኩርፎ የጠፋ" የተባለው ሰው ሙላቱ ይባላል። እሱ አሁን ከሴት ልጁ ጋር ማንሃይም ይኖራል፤ የልጅ ልጆቹን ኪንደርጋርተን ያደርሳል ይመልሳል። ስሙን ያጎደፉት ሰዎች ግን እዚህ በየሠርጉ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሥጋ ሲቆረጥም መጀመሪያ የሚጎርሱት እነሱ ናቸው። እንግዲህ እኔ ፈለቀ፣ ሰዉ "ፈለቀ ቀደዳ" የሚለኝ፣ ዛሬ አንድም ሳልቀድ እጽፈዋለሁ። እሺ፣ ጥቂት ልቀድ እችላለሁ። ስለ ሙላቱ ግን አልቀድም።

ዘመኑ ዩሮውን በልባችን በሁለት እያባዛን በማርክ ማሰብ ሙሉ በሙሉ ያልተውንበት ዘመን ነበር። ዶነር በሦስት ዩሮ በልተን "ስድስት ማርክ! ዘረፉን!" እንል ነበር። የስልክ ካርድ አምስት ዩሮ፤ ፍቀህ ቁጥሩን ስትደውል "ሁለት መቶ ደቂቃ አለዎት" ትልሃለች፣ እናትህ ጤና ይስጥልኝ ብላ ሳትጨርስ ያልቃል። ወንዱ ሁሉ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ጫማ ያደርግ ነበር፤ ጣት ከሚደርስበት በኋላ አንድ ስንዝር ባዶ። ሴቶቹ ቀበቶ በእምብርታቸው ሳይሆን በዳሌያቸው ያስሩ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ቀበቶው ራሱ አያውቅም። የመሰብሰቢያችን ስፍራ ከላይፕሲገር መንገድ ኡ-ባን፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወጥተህ በስተቀኝ ስትታጠፍ የሚገኘው የግርማ ምግብ ቤት ነበር። ግርማ ቢራ በሁለት ዩሮ ይሸጣል፤ አንድ የሙዚቃ ሲዲ ብቻ ነበረው፤ እሷም አራተኛው ዘፈን ላይ ትነክሳለች። ዘፋኙ "ነይ፣ ነይ፣ ነይ" እያለ ይቀራል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ማጫወቻውን በጡጫ እስኪመታው ድረስ የተጠራችው ሴት አትመጣም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ጭማቂ በሰባት ዩሮ የሚሸጥ ቤት ተከፍቷል። አረንጓዴ ጭማቂ! ሣር ለመጠጣት ሰባት ዩሮ!

የእሑድ ጨዋታ የዞሰንሃይሙ ሜዳ ላይ ነበር፤ በረጃጅሞቹ የኪራይ ፎቆች መሐል። ባለሜዳዎቹ ጀርመኖች የራሳቸውን ጨዋታ ሲጨርሱ ለእኛ ይለቁልናል። ፎቅ ላይ ልብስ የሚያሰጡ የቱርክና የሞሮኮ ሴቶች ከኛ ደጋፊዎች ይልቅ ጨዋታውን በደንብ ይከታተሉ ነበር። ስለ ቡድኑ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አሰላለፉን የሚያወጣው አሰልጣኙ አልነበረም፣ ፍሉግሃፈን ነበር። ተጫዋቾቻችን ሻንጣ ጫኞች፣ አውሮፕላን ጠራጊዎች፣ ጥበቃዎች ናቸው። ማን የጠዋቱ ፍሩሺክት እንዳለበት፣ ማን የከሰዓቱን ሽፔትሺክት እንደሚገባ ሳይታወቅ አሥራ አንድ ሰው አይቆጠርም። አንድ ጊዜ በረኛችን አለቃው ስላልለቀቀው የግራ ክንፉ ልጅ በሰው የክረምት ጓንት በረኛ ሆኖ ቆመ፤ ዘጠኝ ጎል ገባበት። እኔ ለሰው ስናገር አሥራ አራት ነው የምለው።

በዚያ ዓመት በጀርመን ከተሞች ያሉ የሐበሻ ቡድኖች የሚገናኙበት ውድድር ነበር፤ በምድባችን የመጨረሻው ጨዋታ ከሙኒክ ጋር በራሳችን ሜዳ ቀረን። ስሌቱ ሕፃን የሚያውቀው ነው፤ ካሸነፍን ወደ ጥሎ ማለፍ፣ ካላሸነፍን ወደየቤታችን። የግርማ ቤት ሰዎች ግን ለዚህ ስሌት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ከሁሉም የባሱት ጋሽ ተሾመ ነበሩ። ጋሽ ተሾመ በተማሪነት መጥተው እዚሁ መሐንዲስ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ኮርዶሮይ ኮት የማይለያቸው፣ በአንድ ወቅት ሦስት የፖለቲካ ድርጅት አቋቁመው ሦስቱም ሁለት ሁለት ቦታ የተሰነጠቁባቸው ሰው ናቸው። ናፕኪን ላይ ቀስትና ክብ እየሣሉ ያስረዳሉ።

"ኮሎኝ በሁለት ልዩነት ቢሸነፍ" ይላሉ፣ "እኛ ደግሞ በአንድ ..."

"ጋሼ፣ ማሸነፍ ብቻ ነው የሚፈለግብን!" እላቸዋለሁ።

"አንተ ዝም በል። ኳስ በስሜት አይታይም።"

"እርስዎ በናፕኪን እያዩት ነው?"

ሰዉ ይስቃል። ግርማ ከባንኮኒው ጀርባ "ክርክሩን ተዉና ስለ ተከላካዩ አውሩ፣ ስለ ሙላቱ አውሩ" ብሎ ያፋጥጣል። ያን ጊዜ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ሙላቱ የኛ ቁጥር አምስት ነበር። ዕድሜው አርባ ሰባት፣ በፓስፖርቱ አርባ አራት፣ በጉልበቱ ሰባ። ቡድኑን ያቋቋመው እሱ ነው። መረቡ የሚያድረው በሱ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ማልያውን የምታጥበው ሚስቱ ወይዘሮ አልማዝ ናት፤ ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ ፍሉግሃፈን ሻንጣ ሲያነሣ ውሎ፣ ወገቡን በዚያ ባለ ካምፎር አልኮል አሽቶ ልምምድ ይመጣ ነበር። ታዲያ ከሽቱትጋርት ጋር በተጫወትንበት ቀን አንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ አለፈው። ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ልጁ አልፎት፣ አግብቶ፣ ጨፍሮ፣ ተቃቅፎ ሲመለስ ሙላቱ ገና እየዞረ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የግርማ ቤት ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ሆነ። ከሆላንድ የመጡ የጥንት ተጫዋቾች ይመስል፣ ዕድሜ ልካቸውን ከወንበር ያልተነሡ ሰዎች "ዘመናዊ ኳስ ፍጥነት ነው" ማለት ጀመሩ። በሱ ቦታ ሄኖክ ይግባ ተባለ። ሄኖክ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በዚያው በሻንጣ ክፍል አዲስ የተቀጠረ፣ እንደ ሚዳቋ የሚሮጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ሄኖክ መግባት ነበረበት። በዚህ ማንም አይከራከርም። ያናደደኝ የተነገረበት መንገድ ነው።

አሰልጣኛችን ዳኒ ታክሲ ነጂ ነው። ቀጥ ብሎ "ሙሌ፣ እሑድ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ" ማለት ይችል ነበር። ይሉኝታ ያዘው። ሙላቱ የልጁ የክርስትና አባት ነው። "እንዴት ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?" አለ። ጀርመን ቢሆን አሰላለፉን በር ላይ ለጥፎ ቢራውን ይጠጣ ነበር። እኛ ግን ሐበሾች ነን! ጋሽ ተሾመ ናፕኪናቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሽማግሌ ይላክ" አሉ።

አንድ ሰው ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። "ትክክል!" አሉ። "ሙላቱ የተከበረ ሰው ነው፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው" አሉ። ተንኮሉ ግን ሌላ ነው፤ ሽማግሌ እምቢ እንደማይባል ሁሉም ያውቃል። አሰልጣኝን ትከራከረዋለህ፤ ሽበት ተሸክሞ ደጅህ የቆመን ሰው ምን ትለዋለህ? መከባበሪያ ብለው አባቶቻችን የተዉልንን ነገር የሰው አፍ መዝጊያ አደረጉት። ዛሬም ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል። ጋሽ ተሾመ፣ ግርማና እኔ ተመረጥን። እኔን የመረጡኝ "ወሬ ያውቃል" ብለው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ጋሽ ተሾመ ከኮርዶሮይ ኮታቸው ላይ ነጭ ነጠላ ደርበዋል፤ ከዘራም ይዘዋል፣ እግራቸው እኮ ደህና ነው። ግርማ ለሠርግ የሚለብሰውን ግራጫ ሱፍ ለብሶ ሽቶ ተነክሮ ወጣ። እኔ ከረባት አስሬያለሁ። በትራም ስንሄድ አንዲት ጀርመን አሮጊት ተነሥታ ለጋሽ ተሾመ ቦታ ሰጠቻቸው፤ ጳጳስ መስለዋታል መሰለኝ። ደረስን፣ ደወል ደወልን። በሩን ወይዘሮ አልማዝ ከፈተች። ሦስት ሰው፣ ነጠላ፣ ከዘራ፣ ሱፍ፣ ከረባት። ዓይኗ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሄደና እጇ አፏ ላይ ወጣ።

አስቡት እንግዲህ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ነው። እንዲህ ለብሶ፣ ሳይደውል፣ ሦስት ሆኖ የሚመጣ ሐበሻ ለምን ይመጣል?

"ግቡ፣ ግቡ፣ ጋሼ ይግቡ!" አለች በድንጋጤና በደስታ። ጋሽ ተሾመም ልማዳቸው ሆኖ "የመጣንበት ጉዳይ አለን፤ እሱ ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። አለቀ! ወይዘሮ አልማዝ ወደ ውስጥ ሮጠች። "ሙሌ! ሙሌ! ሸሚዝ ልበስ!" ስትል ይሰማናል። በግድ አስቀመጡን። ለራሳቸው ለእሑድ ያሰቡት ዶሮ ከድስቱ ወጥቶ ቀረበ። እሷ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ተመለሰች። ሙላቱ ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። ግርማ እኔን ያየኛል፣ እኔ ጋሽ ተሾመን አያቸዋለሁ፣ ጋሽ ተሾመ ዶሮውን ያያሉ። የዶሮ እግር ላይ እጁን ያሳረፈ ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩን አይናገርም። ከውስጥ ክፍል ሩት፣ ልጅየው፣ ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ገመድ እንደሰካች ብቅ አለች። እናቷ ጎትታ አንድ ነገር አንሾካሾከችላት።

"ማማ! ኢሽ ሃይራተ ኒማንደን!" ብላ ጮኸች። ማንንም አላገባም ማለቷ ነው።

ሙላቱ የተዛነፈውን ሸሚዙን ወደ ታች ሳብ አደረገ። "ወንድሞቼ፣ ቤቴን ስላከበራችሁ እግዜር ያክብራችሁ። ግን ልጄ ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም። ልጁ ማን እንደሆነ ባላውቅም ..."

ይህን መቋቋም አልቻልኩም። "ሙሌ" አልኩ፣ "ስለ ሩት አይደለም የመጣነው። ስለ ቁጥር አምስት ነው።"

አልገባውም። "የምን አምስት?"

"ማልያው። ነገ ሄኖክ ይለብሰዋል። አንተ ተቀያሪ ነህ።"

ወይዘሮ አልማዝ የሰማችውን ነገር ልብ ለማለት ጥቂት ቆየች። ከዚያ መጣችና ትሪውን ከፊታችን አነሣችው፤ ግርማ የጠቀለላትን ጉርሻ በጣቱ እንደያዘ ቀረ። ሩት መጀመሪያ ሳቀች፤ አባቷን ስታይ ሳቋን ተወችው። ፊቷን ወደ ጋሽ ተሾመ አዞረች። የኛ ልጆች አማርኛ አንቱ የለውም፤ ለሁሉም አንተ ነው።

"አንተ!" አለቻቸው። "ባባ ሻንጣ ይሸከማል፤ ኢመር፣ ሁልጊዜ! አንድ ነገር ብቻ ነው የሚወደው። ሦስት ሰው ሆናችሁ መጥታችሁ እሱን ትወስዱበታላችሁ? ስልክ የለህም? ሼምት ኦይሽ!" እፈሩ ማለቷ ነው።

ጋሽ ተሾመ "አንተ" መባላቸው ከሁሉም በላይ አስደነገጣቸው። የዚያች ልጅ አፍ ይባረክ እላለሁ ዛሬም። አንድ ቀን በሕይወታቸው አንድ ሰው ያለ ናፕኪን መለሰላቸው።

ሙላቱ ግን እጁን ወደ ልጁ አነሣና ዝም አሰኛት። "ሽማግሌ እምቢ አይባልም" አለ። "እሺ። ሄኖክ ጥሩ ልጅ ነው። ቶሎ አይደነግጥም።" ወደ ምድር ቤት ወርዶ መረቡንና የታጠቡትን ማልያዎች በሁለት ትልቅ ቦርሳ አምጥቶ በር ላይ አስቀመጠልን። "ይህን እናንተ ውሰዱት፤ ነገ አልችልም ይሆናል" አለ። በትራም ስንመለስ ግርማ "አላልኳችሁም? አኮረፈ" አለ። ጋሽ ተሾመ "አኮረፈ ሳይሆን ተከፋ" ብለው ልዩነቱን ለማስረዳት ናፕኪን ፈለጉ። እኔ ቦርሳውን ተሸክሜያለሁ፤ እርጥብ መረብ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅሁ። ሰውየው ስንት ዓመት ተሸክሞታል!

እሑድ ዞሰንሃይም ሜዳ ዳር ቆሞ የማያውቀው ሐበሻ ሁሉ መጣ። ቋሊማ በአዋዜ የሚጠብስ ሰው አለ፤ ከቢራው በላይ የሚፈላ ሰው ደግሞ ሞልቷል። ሄኖክ ቁጥር አምስትን ለብሶ ገባ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሙላቱ የለም። ገና ዳኛው ሳያፏጭ ጀመሩት።

"ሙላቱ የታለ?"

"አኩርፎ ቤቱ ተኝቷል።"

"እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ለቡድኑ ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚጫወተው!"

"ውሃ እንኳ ማቀበል አቃተው?"

ይህን የሚሉት ሳምንት ሙሉ "ይውጣ፣ ይውጣ" ሲሉ የነበሩት ናቸው! ኳስ ወደ ጎላችን በመጣ ቁጥር ደግሞ እነዚያው ሰዎች "ሙላቱ ቢኖር!" ይላሉ። በአንድ አፍ ሁለት ምላስ። እኔም ጮኽኩባቸው፤ እነሱም ጮኹብኝ፤ ፎቅ ላይ ያሉት ሴቶች ኳሱን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ። ሄኖክ ግን ተጫወተ። የሙኒክን አጥቂ እንደ ጥላው ተከተለው። ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን በመጣ ኳስ ያገባውም እሱ ነው። አንድ ለባዶ። ወደ ጥሎ ማለፍ አለፍን። ሰዉ ሜዳ ገባ፤ ጋሽ ተሾመ ከዘራቸውን ጥለው ሮጡ፤ እግራቸው ደህና ነው ብያችሁ ነበር።

ሄኖክን ትከሻቸው ላይ ሲያነሡት ግርማ "ይኸው! ከሙላቱ ተገላገልን!" ብሎ ጮኸ። ልጁ ከትከሻቸው ላይ ዘሎ ወረደ። ላቡ በፊቱ እየወረደ ሄዶ ግርማ ፊት ቆመ።

"ጋሽ ግርማ፣ ጋሽ ሙላቱ የት እንዳለ ታውቃለህ?"

"ቤቱ ነዋ።"

"ፍሉግሃፈን ነው። የኔን ሽፔትሺክት እየሠራልኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚቀይረኝ ሰው ፈልጉልኝ ብያችሁ ነበር። እሺ አላችሁኝ፤ ማንም አልፈለገም። ፕሮበሳይት ላይ ነኝ፣ ገና ሙከራ ላይ ነኝ፤ ብቀር ያባርሩኛል። ትናንት ማታ ጋሽ ሙላቱ ደውሎ 'ነገ ሺክት የለህም ወይ?' አለኝ። አለብኝ አልኩት። 'እኔ እገባልሃለሁ፤ አንተ ሙኒክን ያዝልኝ' አለኝ።"

ግርማ መሬት መሬቱን አየ። ዳኒ ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣ። ሽማግሌ ለመላክ ነጠላና ከዘራ ያላነሳቸው ሰዎች፣ ናፕኪን ላይ የኮሎኝን ጎል ሲቆጥሩ የከረሙ ሰዎች፣ ስለ ገዛ ተከላካያቸው የሥራ ተራ አንድ ስልክ መደወል ረስተዋል። እና ምን አሉ? "ሽማግሌ ልከን ይቅርታ እንጠይቀው" አሉ! ማን ይሂድ በሚለው ተጨቃጨቁ። ጋሽ ተሾመ "ልጅቷ እያለች እኔ አልሄድም" አሉ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ማንም አልሄደም። በጥሎ ማለፉ ሽቱትጋርት እንደ ዕቃ ጠቅልሎ ጣለን፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛ ያስፈልግ ነበርና የሙላቱ "ኩርፊያ" እንደገና ተነሣ፤ ሄኖክ የተናገረው ተቀበረ። ሙላቱም አልተከራከረም። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየፀጉር ቤቱ የሚወራው ውሸቱ ነው። እውነት እግር የላትም፤ ውሸት ግን የወር ትኬት አላት።

እኔ በዚያ ቀን እዚያው አልቆየሁም። እኔም ፍሉግሃፈን ነው የምሠራው፣ በካተሪንግ፣ የአውሮፕላን ምሳ በሳህን የምደረድር ሰው ነኝ፤ መታወቂያዬ ያስገባኛል። በኤስ-ባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሄጄ በዕረፍቱ ሰዓት አገኘሁት። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፤ የጆሮ መከላከያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳ ተደግፎ ዳቦ ይበላል። ገና ሲያየኝ ዳቦውን አስቀመጠ።

"አሸነፍን?"

"አሸነፍን።"

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሲከፍተው ልጅ ሆነ። "ሄኖክ ሲያፈገፍግ እንዴት ነበር? ጀርባውን ሰጥቶ ነው ወይስ ፊቱን ወደ ኳሱ?"

"ፊቱን ወደ ኳሱ።"

"ጎበዝ! እኔ ነኝ ያልኩት።" እጄን ያዘኝ። እጁ ከሻንጣ እጀታ የተነሣ እንደ እንጨት ደርቋል። "ማን አገባ?"

"ሄኖክ ራሱ።"

"አትለኝም! እንዴት? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። አትዝለል፣ አደራ።"

ነገርኩት። ማዕዘን ምቱ ከግራ ተሻማ አልኩት። ሄኖክ ከሁለት ተከላካይ መሐል አንድ ሜትር ተነሣ፣ አየር ላይ ቆሞ ጥቂት ጠበቀ፣ በቴስታ ወደ መሬት መታው፣ ነጥሮ በበረኛው እግር መሐል ገባ አልኩት። አሳየሁት፤ ዘለልኩለት፤ በሻንጣ ጋሪ ላይ ዳቦውን በረኛ አድርጌ አስረዳሁት። ሙላቱ አንገቱን ከኳሱ ጋር አብሮ ያዞር ነበር። "በቴስታ!" አለ፤ "ወደ መሬት! እኔ ያሳየሁትን!" ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በእጅጌው ጠረገውና እየሣቀ ወደ ሥራው ገባ።

ሄኖክ ያገባው በግራ ጉልበቱ ነው፣ ኳሱ መትቶት። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፣ ከሰው። በግርማ ቤት ለስንት ዓመት ጎሉን ስተርክ የነበርኩት፣ ደጋፊውን ሁሉ "ኳስ ማየት አታውቁም" እያልኩ ስሳደብ የኖርኩት እኔ፣ ጎሉ ሲገባ ከሜዳው ጠባቂ ቤት ጀርባ ባለው የፕላስቲክ ሽንት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ቋሊማው በአዋዜ ነበር፤ ሦስት በልቼ ነበር። ጩኸቱን ሰማሁ እንጂ ጎሉን አላየሁትም።